በገነት ግርጌ የተደፉት ባለ ሆቴል

መሪጌታ ገዳሙ ስለ ፋሽን የሚያውቁት ነገር ቢኖር፣ አዳምና ሔዋን በቅጠል መጀመራቸውን ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጣውን ልብስ ሁሉ የዚያው ቅጠል ተከታይ አድርገው ይቆጥሩታል። በስድሳ አንድ ዓመትዎ ደብረ ማርቆስ ላይ ለሚካሄድ የፋሽን ትርዒት ሥዕል ይሠራሉ ብሎ አስቀድሞ የነገራቸው ሰው ቢኖር ኖሮ፣ እጁን ይዘው ጠበል ይወስዱት ነበር።

የተወለዱት ከሉማሜ ወጣ ብላ ባለች የገጠር አጥቢያ፣ በኪዳነ ምሕረት ሥር ነው። በዐሥራ አራት ዓመታቸው ወደ ዲማ ገዳም ሄደው ዘጠኝ ዓመት ተቀመጡ። ዜማውንም ቅኔውንም ቀመሱ፤ ልባቸው ያረፈው ግን በሥዕሉ ላይ ነበርና ከየኔታ ወልደ ሩፋኤል እግር ሥር ቁጭ ብለው ቀለም መፍጨትን፣ ሸራ በግድግዳ ላይ መለጠፍን፣ ከሁሉም በላይ ሥርዐቱን ተማሩ። ሥርዐቱ ግልጽ ነው። ጻድቅ ፊቱ ሙሉ ሆኖ ከነሁለት ዐይኑ ይሣላል። ኃጥእ ፊቱን ወደ ጎን ያዞራል፤ አንድ ዐይን ይበቃዋል። ሥዕሉን ያሠራው ባለ ጸጋ ደግሞ ከሥዕሉ ግርጌ በምድር ላይ ተዘርግቶ ይሣላል፤ ፊቱን ወደ ምእመኑ መለስ ያደርጋል፤ ከጎኑም «ተማኅፀነ» ተብሎ ከነስሙ ይጻፍለታል። ከዚህ የበለጠ ክብር ለሕያው ሰው አይሰጥም።

የኔታ በዚህ ላይ አንድ ቃል ይጨምሩ ነበር። «አሠሪው የሚሣለው በመጨረሻ ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ፣ እሱም የሰጠውን ከረሳ በኋላ። አስቀድመህ ከሣልኸው ሥዕል መሆኑ ይቀርና ደጅ ጥናት ይሆናል።»

መሪጌታ ገዳሙ በዚህ ትምህርት ዐሥራ አንድ አብያተ ክርስቲያናት ሣሉ። ከዚያ በኋላ የማተሚያው ዘመን መጣ። ሥዕል ከአዲስ አበባ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ እየተጫነ ይመጣ ጀመር። በሦስት ቀን ተለጥፎ ያልቃል፤ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል፤ ቅዱሳኑም ሁሉ ከአንድ እናት የተወለዱ ይመስል መልካቸው አንድ ነው። መሪጌታም ደብረ ማርቆስ ገብተው የሱቅ ማስታወቂያ ሣሉ። በገበያው አፋፍ ባለ አንድ ሥጋ ቤት በር ላይ የሣሉት በሬ ዛሬም አለ፤ ፊቱ ሙሉ ነው፤ ሁለት ዐይኖቹም ወደ አላፊ አግዳሚው ያያሉ። ባለ ሥጋ ቤቱ በጎኑ እንዲሥሉለት ቢለምናቸው፣ «በሬው ምን በደለ?» ብለው እምቢ አሉት።

ይህን ሁሉ በትዕግሥት ተሸክመው ነበር። አንድ ነገር ግን ዕረፍት ነሣቸው። የተጠመቁባት የኪዳነ ምሕረት አሮጌ ሕንፃ ፈርሶ በሲሚንቶ ተሠራ። በአሮጌው የመቅደስ ግድግዳ ላይ የነበረው የየኔታ ወልደ ሩፋኤል ሥዕል ከጭቃው ጋር አብሮ ወረደ። አሁን አዲሱ መቅደስ ነጭ ልስኑን ለብሶ ቆሟል። መሪጌታ ዐይናቸው እየደከመ ነው፤ ከዚህ ወዲያ ሌላ ግድግዳ እንደማይጠብቃቸው ያውቁታል። የመምህራቸው እጅ በነበረበት ስፍራ የራሳቸውን እጅ ማኖር፣ ከዚህ ዓለም የቀራቸው ምኞት ይኸው ብቻ ነበር።

ጉዳዩ በሕንፃ ኮሚቴው እጅ ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ መሳፍንት ናቸው። የአጥቢያዋ ተወላጅ ሲሆኑ ደብረ ማርቆስ ላይ ባለ አምስት ፎቅ ሆቴል አላቸው። ለቤተ ክርስቲያን ብዙ ይሰጣሉ፤ የሰጡትንም ከመድረክ ላይ ስለሚናገሩት ማንም ለመገመት አይቸገርም። ስለ ሥዕሉ ሲጠየቁ፣ «በእጅ ሥዕል ዓመት ሙሉ ከምንጠብቅ የታተመውን እንለጥፍና በሣምንቱ እናስመርቅ፤ ደግሞም ይታጠባል» ይሉ ነበር። የመጨረሻው ውሳኔ በግንቦት ኪዳነ ምሕረት፣ ከቅዳሴ በኋላ እንዲሰጥ ተቀጠረ።

ዲዛይነር ሔዋን የመጣችው በዚህ መካከል ነው። ቅጠል የሰፋችውን ሴት ስም የያዘች ልብስ ሰፊ መሆኗ መሪጌታን ፈገግ አሰኛቸው። የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት፤ በአዲስ አበባ ስሟ ተጠርቷል፤ አሁን የጎጃምን ልብስ አዲስ አድርጋ በትውልድ ከተማዋ ልታሳይ ነው። ከእሷ ጋር ወንጌላዊት የምትባል ላፕቶፕ በክንዷ ያቀፈች ልጅ አለች፤ ሥራዋም ሥዕል እንዲንቀሳቀስ ማድረግ ነው።

«መሪጌታ፣ የእርስዎ ሥዕል ተመልካቹን እንዲውጠው እፈልጋለሁ» አለች ሔዋን።

«ዮናስን እንደዋጠው?»

«እንደዚያ! ልክ እንደዚያ!» አለች ደስ ብሏት።

«ያ እንኳ በሦስተኛው ቀን ተፍቶታል።»

ወንጌላዊት ነገሩን በትዕግሥት አስረዳቻቸው። መሪጌታ በትልቅ ሸራ ላይ ይሥላሉ። እሷ በካሜራ ታነሣዋለች። ከዚያ በአራት ፕሮጀክተር በአዳራሹ ግድግዳ ሁሉ ላይ ታበራዋለች። ዛፉ ሰማይ ያክላል፤ ውኃው ይፈስሳል፤ ወፉ ክንፉን ያራግባል። ሞዴሎቹ ልብሱን ለብሰው በሥዕሉ ውስጥ ያልፋሉ፤ እግራቸው ሲቀርብ ሥዕሉ ዐውቆ ይንቀሳቀሳል።

«ወፉ የሚበርር ከሆነ እኔን ምን አደከማችሁኝ? አንድ ቁና ስንዴ በትናችሁ መስኮቱን ክፈቱት፤ ራሱ ይመጣል።»

ይህን ብለው ሊያሰናብቷቸው ከመቀመጫቸው ተነሡ። ያን ጊዜ ሔዋን፣ «አዳራሹንም ወጪውንም የቻሉልን አቶ መሳፍንት ናቸው» አለች። መሪጌታ መልሰው ተቀመጡ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ የብርጓል ከጓዳ ሆነው ሲሰሙ ነበር። እንግዶቹ ሲወጡ ብቅ አሉ። «እንዲያው መሪጌታ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ወደ ቀሚስ ወረዱ?»

«ገነትን ነው የምሥለው፤ ቀሚሱን እነሱ ያምጡት።»

«ገነትንማ ይሣሉ። ግን የአቶ መሳፍንት ስም ሲጠራ ምነው ወገብዎ ታጠፈ?»

መሪጌታ ብሩሾቻቸውን ማጠብ ጀመሩ። ሠላሳ ሰባት ዓመት አብረው የኖሩ ባልና ሚስት በብዙ ጉዳይ ዝም ብለው ይግባባሉ።

ሔዋንን ግን አንድ ብርቱ ቃል አስገቧት። ቅዱሳንን አይሥሉም፤ ገነትን የሚጠብቁት በክንፍ የተከበቡ የመላእክት ፊቶች ብቻ ከላይ ከጠርዙ ይኖራሉ፤ እነሱም ሆኑ ማንኛውም ቅዱስ ነገር በሰው እግር ሥር አይወድቅም። ወንጌላዊት በስልኳ ጻፈችው፤ ጮክ ብላም አነበበችላቸው። «ቅዱስ ነገር ወለል ላይ አይወርድም።» ቃሏንም እንደ ጻፈች ጠበቀች። ጥፋቱ ሁሉ የመጣው ቃሏን በመጠበቋ ነው።

በሆቴሉ ምድር ቤት፣ በአሮጌ ፍራሾችና በድንች ጆንያዎች መካከል፣ አምስት ሣምንት ሠሩ። የሕይወትን ዛፍ በመካከል አቆሙ። ከሥሩ አራቱን ወንዞች አወጡ፤ ግዮን ከሦስቱ ይልቅ እጥፍ ሰፋ፤ ይህም በመጽሐፍ የተጻፈ ሳይሆን ሠዓሊው ጎጃሜ በመሆናቸው የመጣ ነው። ሔዋን አዳምንና የስሟን ባለቤት ካልሣሉልኝ ብላ ነበር፤ «ራቁታቸውን የነበሩ ሰዎች በልብስ ትርዒት ላይ ምን ይሠራሉ? የምታለብሻቸው ከሆነ እንኳ የሰፊው ሥራ በእግዚአብሔር ተይዟል» ብለው መለሷት።

አንዳንድ ቀን እሷም ልብሶቿን ታሳያቸው ነበር። የጎጃም ገበሬ የሚለብሰው አረንጓዴ ካኪ ለሴት ተሰፍቶ ከጉልበት በላይ ቀርቷል። ጋቢው ከሦስት ቦታ ተቀድዷል።

«ይኼን ምን በላው?»

«ሆን ብለን ነው የቀደድነው መሪጌታ። የዘመንን ጉዞ ያሳያል።»

«እኛ ቤት ያለው ጋቢማ ዘመኑን ከነወሩ ያሳያል። ለምን አትወስጅውም?»

እንዲህ እየተጨዋወቱ ሥራው ገፋ። መሪጌታ ግን በሁለተኛው ሣምንት፣ ዛፉ ገና ቅጠል ሳያወጣ፣ አንድ ሐሳብ ገባቸው። ለዚህ ሸራ አሠሪው አቶ መሳፍንት አይደሉምን? አሠሪስ ከግርጌ አይሣልምን? ሐሰት የለበትም። የከተማው ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ራሳቸውን በገነት ደጅ ተማኅፅነው ቢያዩ፣ በእጅ የተሣለ ሥዕል ምን እንደሆነ በዚያች ሰዓት ይገባቸዋል፤ በኪዳነ ምሕረት ዕለትም የታተመውን አያነሡትም። የየኔታ ቃል ትዝ አላቸው። ትዝ ሲላቸው ሌላ ብሩሽ አነሡ።

ከዚያ በፊት ሰውን እንዲህ አሳምረው ሥለው አያውቁም። አቶ መሳፍንት በግዮን ዳር፣ ከነሙሉ ሱፋቸው በምድር ላይ ተዘርግተዋል። ባርኔጣቸው በትሕትና ከጎናቸው ተቀምጧል። የወርቅ ሰዓታቸው ያበራል። ፊታቸው ወደ ተመልካቹ ዞሮ፣ ሁለቱም ዐይኖቻቸው ሰፍተው ወደ ላይ ያያሉ። ከአጠገባቸውም በቀይ ቀለም «ተማኅፀነ መሳፍንት» ተብሎ ተጽፏል። ይህን ለማንም አልተናገሩም፤ በዕለቱ እንዲገለጥ ብለው ሸራው በካሜራ እስኪነሣ ድረስ በጨርቅ ሸፈኑት።

የትርዒቱ ቅዳሜ ደረሰ። ጧት ወንጌላዊት ፕሮጀክተሮቿን ስትሰቅል የአዳራሹ ጣሪያ ከለካችው ዝቅ ብሎ አገኘችው፤ አቶ መሳፍንት ለድምቀት ብለው ከሦስት ቀን በፊት ከሥሩ ሌላ ጣሪያ አስቀጥለውበት ነበር። ሥዕሉ በግድግዳው ላይ አልበቃ አለ። ላዩን እንዳትቆርጥ መላእክቱ አሉ። መካከሉን እንዳትቆርጥ ዛፉ አለ። ስለዚህ ታችኛውን ክፍል እንደ ጨርቅ አጥፋ ወደ መራመጃው ወለል አወረደችው። ውሉን ከስልኳ አውጥታ አነበበች፤ ከታች ያለው ወንዝና አንድ የተጋደመ ሰውዬ ነው፤ ቅድስና የለባቸውም። ወለሉ ደግሞ ረዥም ሆነ። ወንዙን ዘረጋችው፤ ሰውዬውንም እስኪሞላ ድረስ ሰባት ጊዜ ደገመችው። ሰው እግሩን ሲያቀርብ ብድግ ብሎ መልሶ እንዲደፋም አደረገችው። በሐረግ አጠላልፈው የጻፉት ስም ለእሷ ጌጥ መሰላት፤ ጉዳይዋ ሁሉ ከሔዋን ጋር ነበርና አቶ መሳፍንትን በመልክ አታውቃቸውም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጋረጃው ተዘጋ። በፊተኛው ረድፍ አቶ መሳፍንት ከባለቤታቸው ጋር ተቀምጠዋል። መሪጌታና ወይዘሮ የብርጓል ከኋላቸው ናቸው። መብራቱ ጠፋ።

ከዚያም ገነት ተከፈተች። ዛፉ በግድግዳው ላይ ቀስ እያለ አደገ፤ በመሪጌታ እጅ የተቀባችው እያንዳንዷ ቅጠል የጋሻ ያህል ሆነች። ወፎቹ ክንፋቸውን አነሡ። ግዮን እየፈሰሰ በሰው ሁሉ ጎን አለፈ። መላእክቱ ከላይ ሆነው ዐይኖቻቸውን ገለጡ። መሪጌታ ገዳሙ ያሾፉበትን ሁሉ ረሱት። በዐሥራ አራት ዓመታቸው ዲማ ላይ መጀመሪያ ወደ ቤተ መቅደስ ገብተው ቀና ባሉባት ቅጽበት የተሰማቸው ነገር መጣባቸው። «የብርጓል፣ እይ እንጂ» አሉ። ወይዘሮ የብርጓልም ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው ቀና አሉ።

ቀጥሎ ወለሉ በራ።

ሰባት አቶ መሳፍንት ከአንደኛው ጫፍ እስከ ሌላኛው ተዘርግተዋል። የመጀመሪያዋ ሞዴል አረንጓዴ ካኪዋን ለብሳ፣ ስንዝር በሚያክል ተረከዝ ከመጋረጃው ወጣች። አንደኛው አቶ መሳፍንት ብድግ ብለው ሰገዱላት። ረገጠቻቸው። ሁለተኛው ሰገዱ። ረገጠቻቸው። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ዞራ ቆመች፤ በትርዒት ሕግ ሞዴል ጫፍ ላይ ደርሳ ትንሽ ቆም ትላለችና፣ ተረከዟን በባለ ሆቴሉ ግንባር ላይ ተክላ ወገቧን ያዘች። ከታች የሚያዩት ሁለት የሰፉ ዐይኖች ወዴት እንዳቀኑ መጻፍ አይገባም፤ የአቶ መሳፍንት ባለቤት ግን አይተውታል።

«መሳፍንት፣ ምንድን ነው የምታየው?» አሉ።

«እኔ እዚህ ነኝ!» አሉ አቶ መሳፍንት።

«እዚያም ነህ!»

በአዳራሹ ስልክ ያላነሣ እጅ አልነበረም። ሳቁ ከኋላ ተነሥቶ ወደ ፊት መጣ። አንድ ድምፅ ከጨለማው ውስጥ፣ «ጋሽ መሳፍንት፣ ቀስ ብለው ይነሡ፣ ወገብዎን!» አለ። ሃያ ሁለት ሞዴሎች ነበሩ። እየሄዱም እየተመለሱም ረገጡ። መሪጌታ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉ።

መብራቱ ሲበራ አቶ መሳፍንት እየገሠገሡ መጡ። በአክብሮት ነበር የጀመሩት።

«መሪጌታ፣ ምን በደልሁዎ? ሰባት ቦታ አንጥፈው አስረገጡኝ! ይሄ ነው ከዲማ የተማርኸው?» ከእርስዎ ወደ አንተ ሲወርዱ አንድ ዐረፍተ ነገር አልፈጀባቸውም።

«ክብር ነበር አቶ መሳፍንት። የአሠሪ ስፍራ ነው። በግድግዳ ላይ ነበር...»

ወንጌላዊት ላፕቶፗን እንዳቀፈች መካከላቸው ገባች። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ቅዱስ ነገር ወለል ላይ እንዳይወርድ ብለውኝ ነበር። የተኛውን ሰውዬ ደጋግሜ አየሁት፤ አክሊል የለው፣ ምን የለው። የቅድስና ምልክት ሳጣበት ጊዜ ወለል ላይ አወረድኩት።»

አቶ መሳፍንት ይህን ሲሰሙ ባርኔጣቸውን ደፉ።

ሔዋን ግን ከመጋረጃው ጀርባ እየሮጠች ወጥታ መሪጌታን አቀፈቻቸው። «እንዴት ያለ ድፍረት ነው! ከአዲስ አበባ የመጡት ሁሉ ስለ ወለሉ ነው የሚያወሩት። ባለ ሀብት በውበት እግር ሥር! ለምን ቀድመው አልነገሩኝም?» አቶ መሳፍንት ይህን ሰምተው ወጡ። በበሩ ላይ ዞር ብለው፣ «በኪዳነ ምሕረት ዕለት እንገናኝ» አሉ።

መሪጌታ ወደ ቤታቸው በእግር ሄዱ። ባጃጁ ሁሉ ዝግ እያለ፣ «መሪጌታ፣ እንውሰድዎ? አንረግጥዎትም!» ይላቸው ነበር። ቪዲዮው ከእሳቸው ቀድሞ ሰፈር ገብቷል። እቤት ሲደርሱ ቀድመው የገቡት ወይዘሮ የብርጓል ውኃ አቀረቡላቸው።

«የኔታ ምን ነበር የሚሉት? ስለ አሠሪው?»

«በመጨረሻ ነው የሚሣለው።»

«እርስዎስ?»

«ከቅጠሉ በፊት ሣልሁት።» ከዚያም በኋላ እስከ ኪዳነ ምሕረት ዕለት ብሩሽ አልነኩም። የመምህራቸው ግድግዳ በገዛ ሥራቸው ከእጃቸው እንደ ወጣ ዐወቁ። አቶ መሳፍንትን አልወቀሱም፤ ወንጌላዊትንም አልወቀሱም። ደጅ ሊጠኑ ብለው በገነት ደጅ ሌላ ሰው አስተኙ፤ ሌላ ምን ይባላል?

ኪዳነ ምሕረት በዚያው ሰሞን ሐሙስ ቀን ዋለች። ከቅዳሴ በኋላ ኮሚቴው ከዋርካው ሥር ተቀመጠ። የአጥቢያው አገልጋይ ቄስ አበባው ጸሎት አደረሱ። መሪጌታም እውነቱን ተናግረው ይቅርታ ለምነው ሊመለሱ፣ ራቅ ብለው ቆመዋል። አቶ መሳፍንት ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ የታተመ ሥዕል የሚያሳይ ጥቅልም በጉልበታቸው ላይ ነበር።

ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ከኮሚቴው አባላት በዕድሜ የሚበልጡት እማሆይ ወለተ ኪዳን ተነሡ። መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ አቶ መሳፍንት ሄዱና፣ ማንም ሳይከለክላቸው፣ ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን ሳሙ።

«ኧረ እማሆይ! ምነው?»

«ተወኝ ልጄ። የልጅ ልጄ በስልክ አሳየችኝ። እኔማ አንተን የምትኮራ ሰው አድርጌ ሳማህ ኖሬያለሁ፤ ይቅር በለኝ። ያን ሁሉ ሀብት ይዘህ፣ በገዛ ቤትህ፣ በሰው ፊት፣ ከእግር በታች ወድቀህ! ሰባት ጊዜ! የጥንት አባቶች እንኳ በደጀ ሰላም ተኝተው አንድ ጊዜ ነው እለፉብኝ ያሉት።»

ከዙሪያው ማጉረምረም ተሰማ፤ የማድነቅ ማጉረምረም ነበር። የአጥቢያው ሰው ሁሉ አይቶታል። ከተማ የሳቀበትን ሀገር ቤት አልቅሶበታል። አንዱ ሽማግሌ፣ «ሱፉን እንኳ ሳያወልቅ!» አለ።

አቶ መሳፍንት ጥቅሉን ከጉልበታቸው ላይ አንሥተው ከወንበሩ ሥር አስቀመጡት። ዐይናቸው መሪጌታን ፈለገ። እንደዚያ ያለ ልመና በእሳቸው ዐይን ላይ ማንም አይቶ አያውቅም።

ቄስ አበባው ዞር አሉ። «መሪጌታ፣ እንደዚያ አድርገህ ሣለኝ ያሉህ እሳቸው ናቸው?»

መሪጌታ ገዳሙ በቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ የሚዋሹ ሰው አይደሉም። «የለም አባ። እሳቸው ምንም አላሉኝም። እኔ ነኝ ያስተኛኋቸው። ወለሉ ላይ መውረዳቸውንም አላወቁም ነበር።»

«ሰማችሁ?» አሉ እማሆይ ወለተ ኪዳን ወደ ሕዝቡ ዞረው። «አትናገርብኝ ብሎ አስምሎታል! ትሑት ሰው እንዲህ ነው።»

መሪጌታ አንድ ጊዜ ሞከሩ፤ «እማሆይ፣ በእውነት እላለሁ...» ብለው ጀመሩ። በጨመሩ ቁጥር የአቶ መሳፍንት ትሕትና ስለ ጨመረ ተዉት።

«የኛም መቅደስ» አሉ እማሆይ፣ «እንደዚያ በሰው እጅ ይሣልልን። ከግርጌው ልጄ መሳፍንት እንዳለ ሆኖ። በማሽንማ እንዴት አድርጎ ይሰግዳል?»

ኮሚቴው ተወያየ። የመቅደሱ አራቱም ግድግዳ በመሪጌታ ገዳሙ እጅ እንዲሣል ወሰነ። ጣሪያው ግን በታተመ ሥዕል እንዲሸፈን ሆነ፤ ኮሚቴ ፈጽሞ ከተሸነፈ ኮሚቴ አይባልምና።

ሰው ሲበተን አቶ መሳፍንት መሪጌታን በክንዳቸው ይዘው ከዋርካው ጀርባ ወሰዷቸው። ንግግራቸው ወደ እርስዎ ተመልሶ ነበር።

«ግድግዳውን አግኝተዋል። አሁን እንደ ሰው እንነጋገር። አያስተኙኝ። ቆሜ ይሣሉኝ።»

«ከሥዕሉ ግርጌ?»

«አዎ። እጄን አጣምሬ፣ ቀጥ ብዬ።»

«በመቅደሱ ምዕራብ የሚሣለው ስቅለቱ ነው» አሉ መሪጌታ በቀስታ። «ከመስቀሉ ግርጌ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው አለ። ጦር ይዟል። እሱን ከሆነ በአንድ ዐይን ነው የምሥልዎ።»

አቶ መሳፍንት ወደ መቅደሱ አዩ። የአጥቢያው ሰዎች በአጠገባቸው ሲያልፉ ነጠላቸውን እያወረዱ እጅ ነሷቸው።

«እንግዲያውስ ከፍ ያድርጉኝ» አሉ በመጨረሻ። «ልተኛ ግድ የለም። ግን የሰው እግር የማይደርስበት ቦታ ያድርጉኝ።»

«ያ በእኔ እጅ አይደለም። አሠሪ የሚሣለው በመጨረሻ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ፣ የሰጠውን ሲረሳ። አንድ ጊዜ አስቀድሜ ሥዬዎት ምን እንደ ደረሰብን አይተናል።»

«ሥራው መቼ ያልቃል?»

«እሱ ዓመት ይፈጃል። መርሳቱን እርስዎ ያውቃሉ።»

መሪጌታ ገዳሙ ሰኔ ሲገባ ቀለማቸውን ይዘው ወደ ሉማሜ ወረዱ። መነጽር ጨምረዋል፤ ረዥሙን መሰላል ግን ራሳቸው ይወጡታል። የመጀመሪያውን መስመር ያሳረፉት የኔታ ወልደ ሩፋኤል በጀመሩበት ማዕዘን ነው። አሁን ሦስቱ ግድግዳዎች ተፈጽመው አራተኛው ተጋምሷል። ከስቅለቱ ግርጌ፣ በስተቀኝ፣ አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን ነጭ ልስን ሳይነካ ቀርቷል። ከምድር ያለው ከፍታ እስከ ጉልበት ነው።

አቶ መሳፍንት በየእሑዱ ይመጣሉ። ያስቀድሳሉ፤ እማሆይ ወለተ ኪዳን ሲስሟቸው እንደ ልማዳቸው ይሸማቀቃሉ። በዐውደ ምሕረቱ ላይ ስለ ሰጡት ነገር መናገር ከተዉ አምስት ወር ሆኗቸዋል። ከዚያ ሰው ሁሉ ሲወጣ ወደ ግድግዳው ጠጋ ይሉና ያቺን ነጭ ቦታ በዐይናቸው ይለኳታል። ቀጥሎም የራሳቸውን ጫማ ያያሉ።